መቀስ የያዘው ታማሚ፦ ሠዓሊው አንሪ ማቲስና የእኔ የማገገሚያ ወራት

ጤና ከሁሉ ይበልጣል ሲባል ሁላችንም ሰምተናል። እኛ የነርሲንግ ተማሪዎች ግን በሽተኛው ሁልጊዜ ሌላ ሰው ይመስለናል። ጋውን ለብሰን፣ የደም ግፊት መለኪያ ይዘን ከአልጋው አጠገብ የምንቆመው እኛ፤ የሚተኛው ሌላ ሰው። እኔም እንዲሁ ሲመስለኝ ቆይቶ ባለፈው ዓመት ሁለተኛ መንፈቀ ዓመት አጋማሽ ላይ አልጋው የእኔ ሆነ። ሆዴን ሲቆርጠኝ ምግብ ነው ያልተስማማኝ ብዬ ሁለት ቀን ሙሉ ዶርም ውስጥ ተጠቅልዬ ተኛሁ። በሦስተኛው ቀን ትርፍ አንጀቴ ፈንድቶ ኦፕራሲዮን ክፍል ገባሁ። የነርሲንግ ተማሪ ሆኖ የትርፍ አንጀትን ምልክት አለመለየት! ጓደኞቼ እስከ ዛሬ ይስቁብኛል፤ ቢስቁም አይፈረድባቸውም።

ሆስፒታል የቆየሁት 11 ቀን ነው። እውነቱን ለመናገር ከባዱ ጊዜ እሱ አልነበረም። ሆስፒታል ውስጥ ጠያቂ አለ፣ አጥሚት አለ፣ ሙዝና ብርቱካን አለ፣ የጎን አልጋ ጨዋታ አለ። ከባዱ ቤት ከገባሁ በኋላ ነው። ጠያቂው ቀስ በቀስ ቀነሰ። እኔ ትምህርቴን አቋርጬ ስለነበር የክፍል ጓደኞቼ ጥለውኝ አታችመንት ወጡ። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ እተኛለሁ። እናቴ ተነሥቼ ፀሐይ እንድሞቅ፣ ትንሽም ብትሆን እንድቀምስ ትለምነኛለች፤ እኔ ደግሞ ስትለምነኝ ይብስብኛል። ስፌቱ ደርቋል፣ ትኩሳት የለኝም፣ በቻርት ላይ ቢጻፍ ድኛለሁ። እኔ ግን አልዳንኩም። ይህ ነገር ምን ይባላል? በየትኛው ኮርስ ነው የተማርነው?

በዚያ ሰሞን ሥነ ጥበብ የሚያጠና የጎረቤታችን ልጅ ሊጠይቀኝ መጣና ጊዜ ማሳለፊያ ይሁንህ ብሎ የአንድ ፈረንሳዊ ሠዓሊ የሕይወት ታሪክ የያዘ መጽሐፍ ትቶልኝ ሄደ። ስሙን ሰምቼው አላውቅም ነበር፤ አንሪ ማቲስ። የመጀመሪያዎቹን ገጾች የገለጥኩት ከመሰልቸት ብዛት ነው። ሰውየው ሠዓሊ የሆነው በትርፍ አንጀት ሕመም ምክንያት መሆኑን ሳነብ ግን ትራሴን ደገፍ ብዬ ቁጭ አልኩ። ይህችን ጽሑፍ ለቡለቲናችን ያዘጋጀሁት ከዚያ ተነሥቼ ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያው አልጋ

ማቲስ የተወለደው በሰሜን ፈረንሳይ ለ ካቶ ካምብሬዚ በምትባል ከተማ ዲሴምበር 31 ቀን 1869 ነው። ያደገው ግን በዚያው አካባቢ ቦኤን በምትባል የሸማኔዎች ከተማ ነበር። አባቱ የእህልና የዘር ነጋዴ፣ ለሥራ የማይታክት፣ ልጁም ቁም ነገረኛ እንዲሆን የሚፈልግ ሰው ነበር። እናቱ በሱቁ ውስጥ የቤት ቀለም ትሸጥ ነበር፤ ሸክላ ዕቃም በቀለም ታስጌጥ ነበር።

ልጁ እንደተፈለገው ፓሪስ ሄዶ ሕግ ተማረና ተመልሶ ሴን ካንታን በምትባል ከተማ ጠበቃ ቢሮ ውስጥ ጸሐፊ ሆነ። ሥራው ወረቀት መገልበጥ ነው፤ አይወደውም። በ1889 እና በ1890 መካከል፣ ዕድሜው ሃያ ዓመት ገደማ ሲሆን፣ ትርፍ አንጀቱን ታመመና አልጋ ላይ ዋለ። እኛ በፈተና ላይ ማክበርኒ ፖይንት እያልን የምንጽፈውን ቦታ ቻርልስ ማክበርኒ የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም በጽሑፍ ያሳወቀው ልክ በ1889 ነው። ስለዚህ ማቲስ በታመመበት ጊዜ የዚህ በሽታ ኦፕራሲዮን ገና ጀማሪ ነበር ማለት ነው። ዋናው መድኃኒት መተኛት፣ መጠበቅና ፈጣሪን መለመን ነበር።

ልጇ ሲሰለቸው ያየችው እናት አንድ የቀለም ሳጥን ገዝታ ሰጠችው። ሠዓሊ ይሁን ብላ አይደለም፤ እጁ ሥራ ይፍታ እንዳይል ነው። እሱ ግን ብሩሹን ከያዘ በኋላ ልቡ ወደ ሕጉ አልተመለሰም። በ1891 ቢሮውን ትቶ ሥዕል ሊማር ፓሪስ ገባ። አባቱ በጣም አዘኑበት፤ በዚያች ትንሽ ከተማ የልጅ ሠዓሊነት መደበቂያ የሚፈለግለት ነገር ነበር።

ደስታ የሚሥለው እንቅልፍ የለሽ

ከዚያ በኋላ ያለው ሕይወቱ ቀላል አይደለም። በ1898 አሜሊ ፓሬይር የተባለች ሴት አገባ። ገንዘብ አልነበራቸውም፤ አሜሊ የባርኔጣ ሱቅ ከፍታ ነበር ቤቱን የምትደግፈው። ማርጌሪት የተባለችው ትልቋ ልጁ በልጅነቷ ዲፍቴሪያ ይዟት ጉሮሮዋ ተቀድዶ ነው የተረፈችው፤ ያው እኛ ትራኪዮስቶሚ የምንለው ነገር ነው። አባቷ በሣላቸው ብዙ ሥዕሎች ላይ አንገቷ ላይ ጥቁር ሪባን ታስሮ ይታያል። ሪባኑ ጌጥ ብቻ ይመስላል፤ ጠባሳ መሸፈኛ ነው። ይህንን ካወቅሁ በኋላ እነዚያን ሥዕሎች እንደ ድሮው ማየት አልችልም።

በ1905 ፓሪስ ውስጥ ከጓደኞቹ ጋር ሥዕሎቹን ባሳየ ጊዜ ቀለማቸው ከመድመቁ የተነሣ አንድ ሐያሲ አራዊት ብሎ ሰየማቸው። ፊት ላይ አረንጓዴ፣ ዛፍ ላይ ቀይ ነበር የሚቀቡት። ከ1905 እስከ 1906 ደግሞ «የሕይወት ደስታ» የተባለውን ትልቅ ሥዕል ሠራ፤ ሰዎች በዛፍ ሥር ይጨፍራሉ፣ ይጋደማሉ፣ ዋሽንት ይነፋሉ። በ1908 በጻፈው ጽሑፍ ላይ ሥዕሉ ለደከመው ሰው እንደ ጥሩ ወንበር፣ ማረፊያ እንዲሆንለት እንደሚመኝ ገለጸ። በዚህ ምክንያት የዓለምን መከራ የማያይ ምቾት ወዳድ ነው ብለው የነቀፉት ብዙ ናቸው።

እኔም መጀመሪያ ሳነብ እንደዚያ ነበር የመሰለኝ። የሞላለት ሰው ስለ ደስታ ቢሥል ምን ይደንቃል? ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። ማቲስ ዕድሜውን ሙሉ እንቅልፍ የማይወስደው፣ በጭንቀት የሚሠቃይ ሰው ነበር። ሌሊት ሌሊት የሚያነብለት ሰው ይፈልግ ነበር። ያ ሁሉ ጸጥታ በሥዕሉ ላይ ያለው በውስጡ ስለሌለ ነው። ጸጥታን እንደ ሸማኔ በየቀኑ ቁጭ ብሎ መሥራት ነበረበት።

ሊዮን፣ ጃንዋሪ 1941

ሁለተኛው አልጋ የመጣው በ71 ዓመቱ ነው። ጊዜው ክፉ ነበር። በ1940 ጀርመኖች ፈረንሳይን ወርረዋል። ከአርባ ዓመት ትዳር በኋላ በ1939 ከአሜሊ ጋር ተለያይተዋል። ከአገር የመውጣት ዕድል ነበረው፤ ግን ትቶት ኒስ በምትባለው የባሕር ዳር ከተማ ቀረ። በዚህ መሐል ሆዱን በጣም ታመመ፤ የአንጀት ካንሰር ነበር። ሊዮን ከተማ ወስደው በጃንዋሪ 1941 ኦፕራሲዮን አደረጉት።

ዕጢው ወጣ፤ ከዚያ በኋላ ግን ሁለት ጊዜ ደም ረግቶ ሳንባው ውስጥ ገባ። ፐልሞናሪ ኢምቦሊዝም ማለት ነው። እዚህ ላይ ቆም ብዬ አሰብኩ። በዚያን ጊዜ ኦፕራሲዮን የተደረገ ሰው ለረጅም ጊዜ ንቅንቅ ሳይል ይተኛ ነበር፤ በሽተኛን ቶሎ አስነሥቶ ማራመድ የተለመደው ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ነው። ፔኒሲሊንም ቢሆን ለኢንፌክሽን ሕክምና ለመጀመሪያ ጊዜ በደም ሥር የተሰጠው ታማሚ ኦክስፎርድ ውስጥ የታከመው በፌብሩዋሪ 1941 ነው፤ ማቲስ ከተቀደደ ከሳምንታት በኋላ። እኔን በሁለተኛው ቀን ጠዋት አንዲት ሲስተር ክንዴን ይዛ ከአልጋ ስታወርደኝ በልቤ ረግሜያታለሁ። ኮሪደሩን አጋምሼ ስመለስ ላብ አጥምቆኝ ነበር። አሁን ግን የረገምኩት ያዳነኝን እጅ እንደሆነ ገብቶኛል። ሲስተር፣ ይህ ቡለቲን እጅሽ ከገባ ይቅርታ አድርጊልኝ።

ማቲስ ሐኪሞቹን የለመነው የጀመረውን ሥራ የሚጨርስበት ጥቂት ዓመታት እንዲያተርፉለት ብቻ ነበር። ይሞታል ሲባል ተረፈ። ያስታመሙት መነኮሳት ከሞት የተነሣው ሰው የሚል ስም አወጡለት። በፀደይ ወራት ኒስ ተመለሰ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ዕድሜ ሁሉ እንደ ምርቃት፣ እንደ ሁለተኛ ሕይወት ቆጠረው። ጥቂት ዓመታት የለመነው ሰው ወደ 14 ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ አገኘ።

መቀስና ወረቀት

ታዲያ ዳነ ስንል ምን ማለታችን ነው? የሆዱ ጡንቻ ከእንግዲህ አይሸከመውም። ብዙ መቆም አይችልም። ቀኑን የሚያሳልፈው አልጋ ላይና ባለ ጎማ ወንበር ላይ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ሸራ ፊት ቆሞ ለኖረ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በቅባት ቀለም መሣሉን እስከ 1948 ድረስ ጨርሶ አልተወም፤ ነገር ግን አቅሙ ሲቀንስ ለቀረው አቅም የሚሆን ሌላ መሣሪያ ፈለገ። መሣሪያው መቀስ ነበር።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ረዳቶቹ ነጭ ወረቀት ጉዋሽ በሚባል በውኃ በሚበጠበጥ ቀለም ይቀባሉ፤ ሰማያዊ፣ ብርቱካናማ፣ አረንጓዴ፣ ሮዝ። ሲደርቅ ይሰጡታል። እሱ ወንበሩ ላይ ወይም አልጋው ላይ ሆኖ በትልቅ መቀስ ቅጠል፣ ወፍ፣ የባሕር አረም፣ የሰው ገላ ይቆርጣል። ከዚያ ረዳቶቹ፣ በተለይ ሊድያ ዴሌክቶርስካያ የተባለችው ሩሲያ የተወለደች ታማኝ ረዳቱ፣ በመርፌ ግድግዳው ላይ ይሰኩለታል። ወደ ላይ አድርጉት፣ ወደ ግራ ሳቡት ይላል፤ እስኪረካ ድረስ ይቀያየራል። በዚህ ዓይነት የመኝታ ክፍሉ ግድግዳ የአትክልት ሥፍራ ሆነ። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ መተኛት ማለት ለእኔ ያ ነጭ ኖራ ነበር፤ ለእሱ ግን ቅጠልና ወፍ።

ከ1943 ጀምሮ ያዘጋጃቸው 20 የወረቀት ሥራዎች በ1947 «ጃዝ» በሚል ርእስ በመጽሐፍ ታተሙ። በደማቅ ቀለማቸው የሰርከስ ጨዋታ ይመስላሉ። ግን መቼ እንደተሠሩ ልብ በሉ። በ1944 የቀድሞ ባለቤቱ አሜሊና ልጁ ማርጌሪት ናዚዎችን ከሚቃወሙት አርበኞች ጋር በመሥራታቸው በጌስታፖ ተያዙ። አሜሊ ለስድስት ወር ያህል ታሰረች። ማርጌሪት ክፉኛ ተገርፋ ወደ ጀርመን ማጎሪያ ካምፕ በሚሄድ ባቡር ከተጫነች በኋላ ለጥቂት ተረፈች። አባትየው አልጋ ላይ ሆኖ የት እንዳሉ እንኳ ሳያውቅ ወራት አለፉ። ወረቀት ሲቆርጥ የነበረው በዚያ ሁሉ መሐል ነው። ሰላም እስኪመጣ ጠብቆ ቢሆን ኖሮ አንድም ቅጠል ባልቆረጠ ነበር።

በ1952 በጋ ላይ፣ በ82 ዓመቱ፣ ዋናተኞች ማየት አማረው። ካን ከተማ ወደሚገኝ ገንዳ ቢወስዱት ሙቀቱን አልቻለውምና ተመለሰ። ከዚያ የምግብ ክፍሉን ግድግዳ ዙሪያውን ነጭ ወረቀት አስለጠፈና ከሰማያዊ ወረቀት የተቆረጡ ዋናተኞች፣ ዓሣዎችና ሞገዶች አሰካበት። መሄድ ያልቻለበትን ገንዳ ቤቱ አመጣው ማለት ነው። ያ ሥራ ዛሬ ኒውዮርክ በሚገኘው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ውስጥ ይገኛል።

የሌሊት ተረኛዋ ነርስ

ለእኛ ትምህርት ክፍል በተለይ የሚሆነው ታሪክ ይህኛው ነው። በ1942 ማቲስ ሌሊት የምታስታምመው ነርስ ፈለገ። ሞኒክ ቡርዧ የተባለች የ21 ዓመት የነርሲንግ ተማሪ ተቀጠረች። እኛን የምታክል ልጅ ናት! ሥራዋ ቁስል መጥረግ፣ መድኃኒት በሰዓቱ መስጠት፣ እንቅልፍ ያጣውን ሽማግሌ ማጫወት ነበር። ስለ ሥዕሎቹ ሲጠይቃት ለማስደሰት ብላ አልዋሸችውም፤ ቀለሙን እንደወደደች፣ ቅርጹን ግን እንዳልወደደች ነገረችው ይባላል። እሱም በዚህ ግልጽነቷ ወደዳት፤ እንደ አያትና የልጅ ልጅ ሆኑ። ብዙ ጊዜ ሣላት።

በኋላ እሷም በተራዋ ሳንባዋን ታማ ቫንስ በምትባል ኮረብታማ ከተማ መነኮሳት ዘንድ ልታገግም ሄደች። ማቲስም በ1943 ኒስ የቦምብ ስጋት ሲያይልባት እዚያው ቫንስ ቤት ተከራይቶ ስለነበር ጎረቤታሞች ሆኑ። እሷ መነኮሰችና እህት ዣክ ማሪ ተባለች። መነኮሳቱ የረባ የጸሎት ቤት አልነበራቸውም። እሷ ስለ ጸሎት ቤቱ ስታማክረው፣ ብዙም ሃይማኖተኛ ያልነበረው ሽማግሌ ሥራውን ሁሉ በራሱ ላይ ወሰደ። አራት ዓመት ገደማ ለፋበት። የመስኮቱ ባለቀለም መስታወት ቢጫ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ነው፤ ቅርጹን በመቀስ ነው የወሰነው። የግድግዳውን ሥዕሎች ንድፍ ያዘጋጀው ረጅም ቀርከሃ ጫፍ ላይ ከሰል አስሮ ነው። የጸሎት ቤቱ ጁን 25 ቀን 1951 ሲባረክ እሱ ታምሞ አልተገኘም። ከሥራዎቹ ሁሉ የሚያስበልጠው ግን ይህንን ነበር። ፀሐይ ስትወጣ የመስኮቱ ቀለም ነጩ ወለልና ግድግዳ ላይ ይፈስሳል። አንዲት የነርሲንግ ተማሪ ጥቂት ሌሊቶች በደንብ ተረኛ በመሆኗ የመጣ ነገር ነው።

ማቲስ ኖቬምበር 3 ቀን 1954 በ84 ዓመቱ ኒስ ውስጥ አረፈ።

ከዚህ ምን ያዝኩ?

መጽሐፉን ስጨርስ እኔ ሠዓሊ አልሆንኩም፤ አትሳሳቱ። መቀስ ይዤ ወረቀት ብቆርጥ የሚወጣው ድንች ነው። ነገር ግን በማግሥቱ እናቴ በረንዳ ላይ ምስር ስትለቅም አጠገቧ ዱካ ላይ ቁጭ አልኩና ሰፌዱን ወደ እኔ ሳብኩ። እሷ ምንም አላለችም። ጠጠሩን ወደ አንድ ጎን፣ ምስሩን ወደ አንድ ጎን። ተጎንብሶ ዕቃ ማንሣት ያመኛል፤ ምስር መልቀም ግን አያመኝም። ግማሽ ኪሎ ሳንጨርስ አንድ ሰዓት አለፈ፣ ስለ ቀረብኝ ሴሚስተርም አላሰብኩም። ከስንት ሳምንት በኋላ የሳቅኩት ያን ቀን ነው፤ እናቴ እኔ ለቅሜ ያስቀመጥኩት ውስጥ ሦስት ጠጠር አግኝታ አሳየችኝ። በሚቀጥለው ቀን ሽሮ በርበሬ፣ ከዚያ ነጭ ሽንኩርት መላጥ። የሰፈር ልጆች ባልትና ገባህ እንዴ ብለው ቀለዱብኝ። ይቀልዱ።

ያኔ የገባኝ ነገር ይህ ነው። እኔ ደስታን ከዳንኩ በኋላ የሚሰጠኝ ደሞዝ አድርጌ ቆጥሬው ነበር። መጀመሪያ ልዳን፣ ትምህርቴ ላይ ልመለስ፣ ጓደኞቼ ላይ ልድረስ፣ ከዚያ ደስ ይለኛል እያልኩ። ማቲስ ግን ሁለቱንም ጊዜ የተገላቢጦሹን ነው ያደረገው። የቀረው አቅም ምን ያህል ነው ብሎ ለካና በዚያችው ልክ የምትሠራ ነገር ፈለገ፤ መጀመሪያ የቀለም ሳጥን፣ በኋላ መቀስ። ጸጥታውም ከሥራው ጋር መጣ።

ዘንድሮ ወደ ኮርሱ ተመልሼ አታችመንት በወጣሁበት ዋርድ አንዲት እማማ ነበሩ። ከተኙ ሳምንታት አልፏቸዋል፤ አይናገሩም፣ ምግብ ይመልሳሉ። እንደ ልማዳችን አይዞዎት፣ ይድናሉ ልላቸው ስል አፌ ላይ ቀረ፤ ለእኔ ስንት ሰው ብሎኝ ምን ሠራልኝ? ቤት ሳሉ በእጃቸው ምን እንደሚሠሩ ጠየቅኋቸው። ቀና ብለው አዩኝና ጥጥ እፈትል ነበር አሉ። የዋርዱን ኃላፊ አስፈቅጄ ልጃቸው በማግሥቱ እንዝርትና ትንሽ ጥጥ ይዛ መጣች። ትራስ ደግፈንላቸው ቁጭ አሉና ማሾር ጀመሩ። ክሩ ሁለት ጊዜ ተበጠሰ፤ በሦስተኛው ያዘ። የጎን አልጋዋ እናት ማየት ጀመረች፣ ከዚያ ወሬ መጣ፣ ከዚያ አጥሚቱ ተጠጣ። ተአምር አልነበረም፤ መድኃኒታቸውም አልተቋረጠም፣ ሕመማቸውም ወዲያው አልተወገደም። እኔ ግን በቻርቱ ላይ የማይጻፍ አንድ ነገር ያን ቀን ሲሻላቸው አይቻለሁ።

ስለዚህ ውድ የትምህርት ክፍላችን ተማሪዎችና መምህራን፣ በሽተኛ ስንረከብ የምንጠይቃቸው ብዙ ጥያቄዎች አሉ፤ የት ያምዎታል፣ መቼ ጀመረዎት፣ የሚወስዱት መድኃኒት አለ ወይ። ከእነዚህ ጋር አንዲት ጥያቄ እንድትጨመር ሐሳብ አቀርባለሁ፤ እጅዎ ምን መሥራት ይወዳል? መልሱ መቀስ ሊሆን ይችላል፣ እንዝርት ሊሆን ይችላል፣ ምስርም ሊሆን ይችላል።

ለታመሙት ሁሉ ምሕረቱን ያውርድልን። ቸር እንሰንብት።